የወፍ ፎቶ ለማንሳት ካሜራ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ሱለይቢኻት ባሕር ዳር ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያንን ሮዝ መስመር አይታችሁታል። ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው ጭቃ ላይ፣ ራቅ ብለው፣ ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። እኛ አገር አቢጃታ ሐይቅ ላይ የሚታዩት ዘመዶቻቸው ናቸው። ስልካችሁን አውጥታችሁ፣ በጣታችሁ እስከ መጨረሻው አቅርባችሁ ታነሳላችሁ። ማታ ክፍላችሁ ገብታችሁ ስታዩት ግን ወፍ የለም፣ የተንጠባጠበ ቀለም ነው ያለው። "ኧረ እኔስ ካሜራ ልግዛ" የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም። ኩዌት ውስጥ ለቤት ሠራተኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። ወፍ በደንብ የሚያነሳ፣ ከአዲሶቹ መካከል ርካሽ የሚባለው ካሜራ ከነሌንሱ ወደ 400 ዲናር ይጠጋል። ለቤተሰብ አንድ ሳንቲም ሳትልኩ፣ ሻምፑ እንኳ ሳትገዙ፣ ከስድስት ወር በላይ የሠራችሁበት ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ መሳሳት ያንገበግባል። እኔ ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ሻጩ "ሁሉም ነገር አለው" ያለኝን ሳጥን ነበር። ካሜራው አዲስና ቆንጆ ነው፤ ከሱ ጋር የመጣው ሌንስ ግን ለልደት ኬክና ለምሳ ሳህን ነው እንጂ ለወፍ አይሆንም። ወፎቹ በስልክ ካነሳኋቸው ብዙም አልቀረቡልኝም።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ልናገር፦ ለወፍና ለእንስሳ ፎቶ መጀመሪያ የሚመረጠው ሌንሱ ነው። ካሜራው፣ ሰዎቹ "ቦዲ" የሚሉት፣ ሌንሱን ተከትሎ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ የሚነግሯችሁ ተገላቢጦሹን ነው፤ ስለ ሜጋፒክስል ብዙ ያወራሉ፣ ስለ ሌንሱ ርዝመት ዝም ይላሉ።

ሌንሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

ሌንሱ ላይ 18-45፣ 55-210፣ 100-400 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን የራቀውን ያቀርባል። ይሄ ብቻውን ስለማይገባ በወፏ እንለካው።

ፍላሚንጎ ሲቆም ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። 50 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ከሳጥኑ ጋር በሚመጣው 18-45 ሌንስ እስከ መጨረሻው ብታቀርቡት፣ ወፉ ከፎቶው ቁመት አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ ይይዛል። በ210 ቢሆን ከሲሶው ትንሽ ይበልጣል። በ400 ደግሞ የፎቶውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላል፤ ዓይኑ ይታያል፣ ላባው ይቆጠራል። ወፉ 100 ሜትር ከራቀ ይሄ ሁሉ በግማሽ ይቀንሳል። ትንንሾቹ ወፎች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ድንቢጥ የምታክል ወፍ በ400 ሌንስ ፎቶውን ከግማሽ በታች የምትይዘው 10 ሜትር ላይ ስትቆም ነው። እንግዲህ 400 ከሌላችሁ፣ ቢያንስ 300 ገደማ ከሌላችሁ፣ ስለ ወፍ ፎቶ ባናወራ ይሻላል።

ይህን ሒሳብ የሠራሁት ትንሽ ዳሳሽ ባለው ካሜራ ነው። ዳሳሽ ማለት ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው፣ ካሜራው ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ ሻጮቹ "ሴንሰር" ይሉታል። ትልቁን ፉል ፍሬም፣ መካከለኛውን ኤፒኤስ-ሲ ይሉታል። ትልቁ ለሠርግና ለማታ ፎቶ ይመረጣል። ለእኛ ግን ትንሹ ይጠቅመናል፤ ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ያው ሌንስ የበለጠ ያቀረበ ይመስላል። ካኖን ኤፒኤስ-ሲ ላይ 400 ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 640 ሆኖ ያሳያል። ሶኒ፣ ኒኮንና ፉጂ ላይ በአንድ ተኩል ይባዛል። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ የሚጠቀሙበት ከዚህም ያነሰው ዳሳሽ ላይ በሁለት ይባዛል። "ፉል ፍሬም ካልሆነ አይሆንም" የሚላችሁን ሰው ሌንሱን እሱ እንዲገዛላችሁ ጠይቁት።

የኩዌት ፀሐይ በነፃ የምትሰጠን

ሌንስ ላይ ሌላ ቁጥር አለ፣ ከ"ኤፍ" ቀጥሎ የሚጻፈው። ኤፍ 2.8 ከሆነ ብርሃን በብዛት ያስገባል፣ ኤፍ 8 ከሆነ በጥቂቱ። የሌንስን ዋጋ ሰማይ የሚያደርሰው ይህ ቁጥር ነው። 400 ሆኖ ኤፍ 2.8 የሆነው የካኖን ሌንስ 3 ኪሎ የሚጠጋ ሲሆን ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ጫካ ውስጥ፣ ደመና ሥር የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጋቸዋል። እኛ ግን ያለነው ኩዌት ነው። እዚህ ብርሃን ሞልቷል። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ በኤፍ 8 ሌንስ የሚበር ወፍ የምታስቆሙበትን 1/2000 ሰከንድ ፍጥነት አይኤስኦ 500 አካባቢ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እዚህ አገር ገንዘባችሁን ለርዝመት እንጂ ለብርሃን አትክፈሉ።

ታዲያ ፀሐይዋ የምትሰጠውን ያህል ትወስዳለች። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከምጣድ ላይ እንደሚነሳው ሙቀት ማለት ነው። በዚያ አየር ውስጥ አሻግራችሁ ስታነሱ ወፉ የተፋቀ ይመስላል፣ ሌንሱ የተበላሸ ይመስላችኋል። ሌንሱ ምንም አልሆነም። ይሄንን የሚያስተካክል በሺህ ዲናር የሚሸጥ ሌንስም የለም። መድኃኒቱ በጠዋት መውጣት፣ ካልተቻለም ከመምሸቱ በፊት ያለውን ሰዓት መጠቀም፣ እና ወደ ወፉ መቅረብ ነው።

መቅረብ ሲባል ጭቃው ውስጥ መግባት አይደለም፤ ያሰምጣል፣ ወፉንም ያባርራል። ባሕሩ ራሱ ያቀርብላችኋል። የኩዌት ባሕረ ሰላጤ ውሃ በቀን ውስጥ ይሸሻል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሲሸሽ ወፎቹ ምግባቸውን ተከትለው ወደ ውስጥ ይርቃሉ፤ ሲመለስ ወደ ዳር እየገፋቸው ይመጣል። ስልካችሁ ላይ የኩዌትን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰዓት ፈልጋችሁ፣ ውሃው እየሞላ ባለበት ሰዓት ዳር ላይ ቁጭ በሉ። ዝም ብላችሁ። ከ100 ሜትር ወደ 50 ሜትር ሲመጡላችሁ ሌንሳችሁ በነፃ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የትኛው ካሜራ

ሚረርለስ ማለት "መስታወት የሌለው" ነው። የድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ መስታወት ነበር፤ ስታነሱ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። አሁን መስታወቱ ወጥቶ ካሜራው ቀለለ፣ ያለ ድምፅ ማንሳት ቻለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእንስሳውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ለጀማሪ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ የሚበር ወፍ ላይ በእጅ ማነጣጠር ብዙ ልምምድ ይፈልጋል።

ግን ሁሉም ሚረርለስ ይህን አይችልም፣ ሻጩም አይነግራችሁም። ካኖን አር100 በጣም ርካሹ ነው፤ የሚያውቀው የሰው ፊት ብቻ ነው፣ ለወፍ ተዉት። አር50 እና አር10 ወፍ ያውቃሉ። የሶኒ ኤ6400 የእንስሳ ዓይን የሚለው ለውሻና ለድመት ነው፤ ወፍ የሚያውቀው ኤ6700 ነው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። የመጀመሪያው ኒኮን ዜድ50ም እንደዚሁ ውሻና ድመት ላይ ይቆማል፤ በ2024 የወጣው ዜድ50 ሁለተኛው ግን ለወፍ የተለየ ምርጫ አለው።

እኔ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር የምገዛው ካኖን አር50ን ያለ ሌንስ፣ ከዚያ አርኤፍ 100-400 የሚባለውን ሌንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ካሜራው 680፣ ሌንሱ 650 ዶላር ገደማ ነበር፤ አንድ ዲናር 3 ዶላር ከሩብ ያህል ስለሆነ እያንዳንዳቸው ከ200 እስከ 210 ዲናር ገደማ ይመጣሉ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህንን ይዛችሁ ተከራከሩ። የሁለቱ ክብደት አንድ ላይ 1 ኪሎ ያህል ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ወለል ስትጠርጉ የከረመ ወገብና ትከሻ ይዛችሁ፣ በአውቶቡስ ሄዳችሁ፣ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ነው የምታነሱት። 200-600 የሚባለው የሶኒ ሌንስ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ፎቶው ያምራል፣ ግን ተሸክማችሁት ትውሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሶኒ ያላት 70-350ን፣ ኒኮን ያላት 50-250ን ትይ። የኒኮኑ አጠር ያለ ነው ግን ቀላልና ርካሽ ነው፣ ውሃው ሲሞላ ይሠራል። ኦሊምፐስ 75-300 ከግማሽ ኪሎ በታች ሆኖ እንደ 600 ያቀርባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 75-300 የሚባል ርካሽ የካኖን ሌንስም አለ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም። ሌንሱ ስም ላይ ካኖን ከሆነ "አይ ኤስ"፣ ኒኮን ከሆነ "ቪ አር"፣ ሶኒ ከሆነ "ኦ ኤስ ኤስ" የሚሉ ፊደሎች መኖራቸውን እዩ። በረዥም ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥ በጣም ነው የሚታየው።

ሌንስ መቀየር የማትፈልግ፣ ጨረቃንና ቆሞ የሚውል ወፍን ብቻ የምትፈልግ እህት ካለች ኒኮን ፒ950 የሚባለውን ትጠይቅ። ሌንሱ አብሮት የተሠራ ነው፤ እንደ 2000 ሚሊሜትር ያቀርባል። ሚረርለስ ከሚባሉት አይቆጠርም፣ ዳሳሹ ጥፍር ያክላል፣ የሚበር ወፍ ያመልጠዋል። ግን አንድ ዕቃ ነው፣ ሌንስ ስለማይቀየርበትም አቧራ በቀላሉ አይገባበትም።

ያገለገለ ስትገዙ

አል ራይ ያለው የዓርብ ገበያ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያም በኦንላይን የሚሸጥ አለ። ያገለገለ ሌንስ መግዛት ብልህነት ነው፤ ሌንስ ብዙ ዓመት ይኖራል። ካሜራው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ።

ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። የነሐሴና የመስከረም የባሕር እርጥበት ብዙ ሌንስ አበላሽቷል። አጉሉት፣ አሳንሱት፤ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ከተንኮሻኮሸ ይቅርባችሁ። ከሩቅ ያለ የሱቅ ጽሑፍና ከቅርብ ያለ ነገር እያፈራረቃችሁ አንሱ፣ ወዲያው ማነጣጠሩን ተመልከቱ። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሱና ፎቶውን አጉሉት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ዳሳሹ ላይ ቆሻሻ አለ። ሜኑውንም ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም፤ ርካሽ የሆኑበት ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል።

ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገጣጠምበት አፍ በየኩባንያው ይለያያል፤ የሶኒ ሌንስ ካኖን ላይ አይገባም። የካኖን ጥቅም የድሮዎቹ ኢኤፍ የሚባሉት ሌንሶች በማገናኛ ቀለበት አዲሱ ላይ ያለችግር መሥራታቸው ነው፤ ለዚህ ነው ያገለገለ ገበያ ላይ ካኖን የሚመቸው። ኒኮንም ቀለበት አለው፣ ግን ራሱ የሚያነጣጥረው ኤኤፍ-ኤስ ከሚባሉትና ከነሱ በኋላ ከመጡት ሌንሶች ጋር ነው።

ብሩ ከየት ይምጣ

በዕቁብ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም። ከማዳም መበደርስ? ሆንግ ኮንግ የቤት ሠራተኛ የነበረችው ፊሊፒናዊቷ ሳይዛ ክሩዝ ባካኒ የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛችው ከአሠሪዋ ተበድራ ነው። በዕረፍት ቀኗ ከተማውን እያነሳች ቆይታ በ2015 የማግነም ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ አግኝታ ኒውዮርክ ሄደች፣ ዛሬ በዓለም የምትታወቅ ፎቶግራፈር ናት። የሷ አሠሪ ጥሩ ሰው ነበረች። የእናንተን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከተበደራችሁ ስንት እንደሆነና በየወሩ ስንት እንደሚቆረጥ በወረቀት ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይሁን። ዕዳ እያለ ኮንትራት ሲያልቅ "አትሄጂም" የሚል ነገር እንዳይመጣ።

አሁን ከካሜራው ምርጫ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር። በምትሠሩበት ቤት ውስጥ 400 ዲናር የሚያወጣ ዕቃ በድንገት ከተገኘ "ከየት አመጣሽው" ይመጣል። ፋቱራው በስማችሁ ይውጣ፤ ስማችሁ ባጣቃው ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ የካሜራውና የሌንሱ ሴሪያል ቁጥርም ይኑርበት። ፎቶ አንሥታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው በስልክ ላኩት። ካሜራውን በገዛችሁበት ቀን ለማዳም አሳዩ እንጂ አትደብቁ። ከገበያ የገዛችሁት ያገለገለ ከሆነም ሻጩ ጽፎ እንዲፈርምላችሁ አድርጉ፤ አልፈርምም ካለ ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ጥላችሁት ሂዱ።

የት ይነሳል፣ የት አይነሳም

ቤት ውስጥ በፍጹም። ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ሳሎኑን አታንሱ፤ ቢፈቅዱም ኢንተርኔት ላይ አታውጡ። ከክፍላችሁ መስኮት ወይም ከጣሪያው ላይ ረዥም ሌንስ አታውጡ፤ እናንተ ጣሪያ ላይ ያረፈውን ቡልቡል ነው የምታነሱት፣ ጎረቤት የሚያየው ግን ወደ ቤቱ የዞረ ሌንስ ነው። እዚህ አገር ሰውን፣ በተለይ ሴትን፣ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ክስ ያመጣል።

ወታደራዊ ቦታ፣ የነዳጅ ተቋም፣ ወደብ፣ ኤርፖርት፣ የመንግሥት ሕንፃ ማንሳት አይቻልም። ይሄ ለፍላሚንጎዎቹ ጉዳይ በቀጥታ ይነካናል። በዶሃ በኩል ከወፎቹ ጀርባ የሚታዩት ትልልቅ ጭስ ማውጫዎች የኤሌክትሪክ ማመንጫ ናቸው። ሌንሳችሁን ወደዚያ አታዙሩ፤ ጀርባችሁን ለማመንጫው ሰጥታችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ አንሱ። ጠባቂ ወይም ፖሊስ ከመጣ ካሜራውን አውርዱ፣ ባጣቃችሁን አሳዩ፣ ያነሳችሁትን አሳዩት፣ "ጡዩር" በሉት፤ ወፎች ማለት ነው። አጥፊ ካለ አጥፉ፣ ፎቶ ተመልሶ ይነሳል።

የጃህራው ጥብቅ ቦታ በወፍ የታወቀ ነው፣ ግን የታጠረና በፈቃድ የሚገባበት ነው። ሸሂድ ፓርክ ለአውቶቡስ ይመቻል፣ ዛፍና ውሃ አለው፤ ትልቅ ካሜራ ሲያዩ ጠባቂዎቹ ሊያስቆሟችሁ ስለሚችሉ በሩ ላይ ጠይቃችሁ ግቡ። እንደ 68/2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት አላችሁ። ቢሆንም ወዴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤቱ በጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ ሰዓት ቢያልፍ "ጠፍታለች" እንዳይባል ይረዳል። መጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ።

አቧራው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሚረርለስ ሌንሱ ሲወጣ ዳሳሹ ብዙ ጊዜ ራቁቱን ይቀራል። ውጭ ላይ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሌንስ አትቀይሩ። በበጋው ከኤሲ ወደ ውጭ ስትወጡም ካሜራውን በላስቲክ አስራችሁ የውጭውን ሙቀት እስኪለምድ ጠብቁት፤ አለበለዚያ መስታወቱ ላይ ላብ ያወጣል።

አገር ቤት ስትገቡ

"አገሬ ስገባ ሥራ ይሆነኛል" ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ እቅጩን ልንገራችሁ። በወፍ ፎቶ ቶሎ እንጀራ አይበላም። ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለምረቃ ነው፤ ለዚያ ረዥሙ ሌንስ አያገለግልም። ያው አር50 ግን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለውን ትንሽ ሌንስ ስትጨምሩበት ለፊት ፎቶ ይሆናል። ቦዲውን አንዴ ገዝታችሁ ሌንሱን እንደ ሥራው መቀየር ማለት ይሄ ነው።

ረዥሙን ደግሞ አትሽጡት። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳው አጠገባችሁ ይቆማል፣ 100 ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ ቅርብ ናቸው፤ ገደሉ ላይ የቆመውን ዋልያ ለማንሳት ግን ያንን 400 ትፈልጉታላችሁ። ስትበሩ ካሜራውንም ሌንሱንም በእጅ ሻንጣ ያዙት፣ ባትሪው ካርጎ ውስጥ አይገባም፤ ፋቱራውም ከፓስፖርታችሁ ጋር ይሁን፣ ኩዌት ስትወጡም ቦሌ ስትገቡም ሊጠየቅ ይችላል።